ከዚህ እስከዚያ

ቆዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣
አራተኛ ፎቅ። መብራት ከሄደ ድፍን ሁለት ሰዓት።
ላፕቶፔ በባትሪ ነው፣ አርባ አንድ በመቶ ቀርቶት፣
ማራገቢያው ያጓራል እንደ ወፍጮ ቤት።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች፣
ማለቴ የእነሱ ዱካ፣ የግራፉ መስመሮች።
ተያይዘው ዞሩ፣ ዞሩ፣ ተዋጡ።
መቼ? ባሕር ውስጥ ዓሦች ገና ሳይመጡ።
እኛ ጋ ሲደርስ ሩብ ሰከንድ አይሞላም ጩኸቱ፣
ከመሬት ጉርምርምታ ጋር ተቀላቅሎ ድምፀቱ።

ክብደታቸው ስንት ነው? እሽክርክሪታቸው? ርቀታቸው?
ወደኛ በየት ጎኑ አዘነበለ ዙረታቸው?
አሥራ አምስት ጥያቄ።
ለእያንዳንዱ አሥር አሥር ግምት ብሰጠው ኖሮ፣
ቢባዛ አንድ ይሆናል ከአሥራ አምስት ዜሮ፤
የማን ዕድሜ ይበቃል ሁሉም እስኪያልቅ ተሞክሮ?

ከቱሉ ዲምቱ መንገድ ድምፅ ይመጣል።
ሩቅ ያለ ሲኖትራክ ይሁን፣ ቅርብ ያለ ባጃጅ፣ ማን ያውቃል?
ጆሮ ብቻውን አይለይም።
ሞገዴም እንዲሁ ነው፤ ሩቅ ሆኖ ፊት ለፊት፣
ወይ ቅርብ ሆኖ ጎኑን ሰጥቶን፣ እኩል ነው በልኬት።

ከታች ደግሞ ሌላ ባትሪ ግቢው ውስጥ ይዞራል፤
የጥበቃችን የጋሽ ዲንሳ ነው፣ የፈነዳ ቧንቧ ይፈልጋል።
ሦስት ቀን ሆነው፣ ውሃው መሬት ውስጥ ይሰርጋል፤
ካርታውን የያዘው መሐንዲስ ስልኩን አጥፍቷል።
በብረት ዘንግ ይወጋል። ጫፉን ይዳስሳል።
አንድ እርምጃ ወደ ጎን፣ ደግሞ ይወጋል።
ከቀድሞው ከረጠበ እዚያው ይሰነብታል፤
ከደረቀ ግን ሁልጊዜ አይመለስም፣
አንዳንዴ ወደ ደረቁም ይሄዳል፣ አያፍርም።
ላየው ሰው ሰካራም ነው፤ አልጠጣም።

«ለምን ወደዚያ?» ስለው ከበረንዳ፣ «ትናንት» አለኝ፣ «ተታለልኩ፤
የወይዘሮ ዘነቡ የልብስ እጣቢ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቆምኩ።
እርጥብ ሁሉ ቧንቧ አይደለም፣ ልጄ፤
ወጣ ብዬ ካላየሁ በምን አውቃለሁ ቆሜ?»

እኔም ማሽኑ ውስጥ አንድ ዲንሳ ልኬአለሁ፤
እሱ ይረግጣል፣ እኔ የረገጠውን እጽፋለሁ።
የመጀመሪያዎቹን ሺህ እርምጃዎች ግን እጥላለሁ፤
ገና ከበሩ ሲነሣ ስለ ግቢው ምን ያውቃል እላለሁ።

ባትሪው ሃያ ሁለት ገባ።
በየእርምጃው ሙሉውን ሞገድ አዲስ መሳል
ሌሊቱን ይበላል፣ ባትሪውን ይበላል።
ዶክተር ትኅትና አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ይዛኝ፣
ችኩል ነበረች፣ እንዲህ ብላ አለፈችኝ፦
«አንድ ጥሩ ግምት ይዘሽ ቁሚ። የቀረውን
በልዩነቱ ብቻ ለኪው፤ አትድገሚ የታወቀውን።»
ልብስ ሰፊ የታላቁን ሱሪ ለታናሹ በሁለት ጣት ያጠባል እንጂ
አዲስ ጨርቅ ይቀዳል እንዴ?
እንዳለችው አደረግሁ። የሰዓቱ ሥራ በደቂቃ አለቀ።
ከታች የብረቱ ድምፅ፣ ቅርብ የነበረው፣ ራቀ።

ሊነጋጋ ሲል ባትሪዬ ሁለት በመቶ፣
የዲንሳም ባትሪ ብርሃኑ ቢጫ ሆኖ፣ ደክሞ፣ ሞቶ።
ዘጠኝ ሺህ ነጥቦች እንደ ሙዝ ጎብጠው ተኝተዋል፤
የትልቁ ክብደት ከሠላሳ እስከ ሠላሳ ስድስት ፀሐይ ይላል።
ርቀቱ? እሱ ገና ይወዛወዛል።
አስቀመጥኩት። ስክሪኑ ጠፋ።

«አገኘሽ?» አለኝ፣ አንገቱን ወደ ላይ ሰብሮ።
ሁለት እጄን ዘረጋሁ። «ከዚህ እስከዚያ።»
ሳቀ። በቦቲ ጫማው ጫፍ አፈሩን ጫረ፣
ከባሕር ዛፉ ጉቶ እስከ መብራቱ ምሰሶ አዞረ፤
የእሱም ጎበጥ ያለ ነበረ።
«ይኸው የኔም» አለ። «ቆፋሪዎቹ ሲመጡ ንገሪያቸው፣ እኔ ልተኛ፤
ከወፈረበት ይጀምሩ።»